ሜዳው የማን ነው?

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከብቱ ከሜዳው ዳር ይግጣል። ልጆች ጨርቅ ጠቅልለውና በገመድ አሥረው በሠሩት ኳስ ይራወጣሉ። ሽማግሌዎች ከዋርካው ሥር ተቀምጠው ገበጣ ይጫወታሉ። ውሃ ቀድተው የሚመለሱ ሴቶች እንስራቸውን አውርደው ጥቂት ያርፋሉ፤ ወሬም ይለዋወጣሉ። እንዲህ ያለ ሜዳ በብዙዎቻችን መንደር አለ። ወይም ነበረ።

«ነበረ» ያልነው በምክንያት ነው። ሜዳ በአንድ ቀን አይጠፋም። ጎርፍ አይወስደውም፤ ሌባም ተሸክሞት አይሄድም። የሚጠፋው በትልም ነው። በሜዳው ግራና ቀኝ የሚያርሱ ሰዎች በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይገፋሉ። «አንድ ትልም ብትጨመር ምን ይጎዳል?» ይባላል።

እስቲ እናስላው። የአንድ ሜዳ ወርድ 64 ሜትር ነው እንበል። ከግራ በኩል በየዓመቱ 1 ሜትር ተገፋ፤ ከቀኝ በኩልም 1 ሜትር ተገፋ። በ10 ዓመት ውስጥ 20 ሜትር ሄደ ማለት ነው። የቀረው 44 ሜትር ነው። የእግር ኳስ ሕግ ደግሞ የአዋቂዎች ሜዳ ወርድ ከ45 ሜትር እንዳያንስ ያዛል። ማንም ሳይጣላ፣ ማንም ሳይከሰስ ሜዳው ሜዳነቱ ቀረ። ልጆቹም ከብት መንጃው መንገድ ላይ መጫወት ጀመሩ።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የገፊው ብቻ ነውን? አይደለም። አባቶቻችን «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። የሁላችንም የሆነ ነገር ባለቤት የሌለው ይመስላል። ስለዚህ ይናቃል። በዚህ ጽሑፍ የምንነጋገረው ስለዚሁ ነው፤ ለሜዳው፣ ለንባብ ቤቱና ለመሰብሰቢያ አዳራሹ ባለቤት ሆኖ መቆም የቀበሌያችን ምክር ቤት ሥራ ነው። ምክር ቤቱን የመጠየቅና የማገዝ ሥራ ደግሞ የእኛ ነው።

ጨዋታ ሥራ ፈትነት ነውን?

«ሆድ ሳይጠግብ ምን ጨዋታ ያስፈልጋል?» የሚል አይጠፋም። መሬት ጠባብ ነው፤ ልጅ በዝቷል፤ ማዳበሪያ ተወድዷል። እውነት ነው። ይህን የሚለው ሰው ክፉ አይደለም። ችግሩ እኛንም ያውቀናል።

ነገር ግን በሬ እንኳ ቀኑን ሙሉ አይጠመድም። ቀንበሩ ሲወርድለት ነው በማግስቱ የሚጎትተው። ሰውም እንዲሁ ነው። ዕረፍት የሥራ ጠላት አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። ወጣት መዋያ ካላገኘ መዋያ ይፈልጋል። በአቅራቢያው የሚያገኘው አረቄ ቤቱን ከሆነ ወደዚያው ይሄዳል። ወይም «በዚህ መንደር ምን አለ?» ብሎ ወደ ከተማ ይሰደዳል። ሜዳ ስደትን ብቻውን አያስቀርም። ነገር ግን ሰው የተወለደበትን ቦታ የሚወደው እርሻ ስላለው ብቻ አይደለም። የሳቀበት፣ የዘፈነበት፣ ከጓደኛው ጋር የተጋጠመበት ቦታ ሲኖረውም ነው።

ደግሞም ሰው የሚገናኝበት ቦታ ሲጠፋ ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኘው በለቅሶና በክርክር ብቻ ይሆናል። በጨዋታ የተገናኘ ሰው በድንበር ሲጣላ እንኳ ለመታረቅ ይቀልለዋል።

አባቶቻችን ቦታ ነበራቸው

የወል መዝናኛ ቦታ ከከተማ የመጣ አዲስ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። በየአገሩ ነባር ነው።

በሰሜኑና በመሐል አገር የገና ጨዋታ የሚደረግበት ሜዳ አለ። በታኅሣሥ መጨረሻ መንደር ከመንደር ይጋጠማል። ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ሩሯን ይመታል። በዚያን ዕለት ጌታው ከሎሌው እኩል ይጫወት ነበር፤ ቢመታም አይቆጣም ነበር። በሌላ ቀን የማይታሰበው እኩልነት በሜዳው ላይ ይገኝ ነበር። በጥምቀት ዋዜማ፣ ጥር 10 ቀን፣ ደግሞ ታቦታቱ የሚያድሩበት የጥምቀተ ባሕር ቦታ አለ። ይህን ቦታ ማንም ደፍሮ አያርሰውም። ካርታ ስላለው አይደለም፤ ሕዝቡ ሁሉ ስለሚያውቀውና ስለሚያከብረው ነው። ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2012 ዓ.ም. የጥምቀትን በዓል በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ወደ ደቡብ ብንሄድ የሲዳማ ሕዝብ አለ። ሲዳማዎች ፍቼ ጨምበላላ የተባለውን የዘመን መለወጫቸውን የሚያከብሩበት አደባባይ ጉዱማሌ ይባላል። ይህም በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ ተመዝግቧል። በኮንሶም በድንጋይ ካብ በታጠሩት መንደሮች ውስጥ ሞራ የሚባል የጋራ ቦታ አለ። በሞራው ይሰበሰባሉ፤ ይጫወታሉ፤ ይዳኛሉ። ያላገቡ ወንዶች በሞራው ቤት ያድራሉ፤ መንደሩንም ይጠብቃሉ። የኮንሶ መልክዓ ምድር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከእርከኑና ከካቡ ጋር ሞራዎቹም ተቆጥረዋል።

ልብ እንበል! ኮንሶ መሬት የተረፈው አገር አይደለም። ገበሬው ድንጋይ ክቦ፣ ተራራውን በእርከን ቆርጦ የሚያርስበት አገር ነው። ያም ሆኖ ለጋራ መዋያው የተወውን ቦታ አላረሰውም።

የተሠራው ቤት ለምን ተዘጋ?

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ከ20 ጋሻ ወይም ከ800 ሄክታር በማያንስ ክልል ገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተወሰነ። ትምህርት ቤትና ክሊኒክ የመሳሰሉትን ከመንግሥት ጋር ተባብሮ መሥራት ከማኅበሩ ተግባሮች አንዱ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በ5 ቋንቋዎች ተጀምሮ በኋላ እስከ 15 ቋንቋዎች ደረሰ። ፊደል የቆጠረው ሰው እንዳይረሳ በየገበሬ ማኅበሩ ንባብ ቤቶች ተሠሩ። የኪነት ቡድኖችም ተቋቋሙ።

ዛሬ ከእነዚያ ንባብ ቤቶች ስንቱ ቆሟል? ስንቱስ ውስጥ መጽሐፍ አለ? እያንዳንዳችን በየመንደራችን ዘወር ብለን እንመልከት። አንዱ ፈርሷል፤ አንዱ የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል፤ የሌላው ቁልፍ ማን ዘንድ እንዳለ አይታወቅም።

ጦርነትና የመንግሥት ለውጥ ምክንያት መሆናቸው የታወቀ ነው። ሌላ ምክንያትም ነበር። በብዙ ቦታ ቤቱ የተሠራው ከላይ በመጣ ትእዛዝ ነው። አዳራሹ መመሪያ ሲነበብበት ይከፈታል፤ መመሪያው ሲያልቅ ይዘጋል። ኪነቱም የታዘዘውን ይዘፍናል። ሕዝቡ «የእኛ ነው» አላለም። ትእዛዙ ሲቀር የሚቆምለት ሰው ታጣ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ትልቅ ቁም ነገር አለ። መደገፍና መውረስ ይለያያሉ። ምክር ቤቱ ቦታውን ያስከብር፤ ቁልፉን ያስይዝ፤ ገንዘቡን ይቆጣጠር። ምን እንደሚጫወቱበትና ምን እንደሚዘፍኑበት ግን ባለጨዋታዎቹ ይወስኑ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት የባህልና የታሪክ ቅርሶችን የመንከባከብ፣ ለሥነ ጥበብና ለስፖርት መስፋፋትም አስተዋጽኦ የማድረግ ኃላፊነት እንዳለበት ይናገራል። በአንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። እንግዲህ ስለ ሜዳና ስለ ንባብ ቤት መጠየቅ ልመና አይደለም።

መሬቱንም በተመለከተ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የወል ይዞታን ሲተረጉም የአካባቢው ነዋሪዎች ለግጦሽ፣ ለደንና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በጋራ የሚጠቀሙበት መሬት መሆኑን አመልክቷል። ይህ አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ ተተክቷል፤ የወል ይዞታ ግን በአዲሱም አለ። ስለዚህ «ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች» የሚለውን ቃል እንያዘው። የመጫወቻ ሜዳ ከዚህ ውጪ አይደለም። ለግል ማሳችን ደብተር እንደምናወጣ ሁሉ የወል ቦታችንም ተለክቶ በመዝገብ እንዲገባ መጠየቅ እንችላለን።

ምክር ቤቱ ያለ ብዙ ገንዘብ ምን ሊሠራ ይችላል?

ብዙ ጊዜ ጥያቄ ሲቀርብ «በጀት የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። መልሱ ሁልጊዜ ሐሰት አይደለም። ከ1994 ዓ.ም. ወዲህ ሥልጣንና በጀት ወደ ወረዳ እንዲወርድ ቢደረግም አብዛኛው የወረዳ ገንዘብ ለደመወዝ ይሄዳል። ነገር ግን ዋናዎቹ ሥራዎች ከገንዘብ በፊት የሚመጡ ናቸው። እነሱም የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፣ መለካት። ጎረቤት ባለማሳዎች፣ ሽማግሌዎችና የመሬት አስተዳደር ኮሚቴው ባሉበት ሜዳው በሜትር ይለካ። በአራቱም ማዕዘን ትልልቅ የድንበር ድንጋይ ይተከል። አስቀድሞ የተገፋው መሬት በሽማግሌ ይመለስ። ሰብል ካለበት እስኪታጨድ ይጠበቅ፤ ጠብ አያስፈልግም።

ሁለተኛ፣ መጻፍ። የተለካው በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ርዝመቱ፣ ወርዱ፣ አዋሳኞቹ፣ ቀኑ ይገለጽ፤ ተፈርሞ ማኅተም ይደረግበት። አንዱ ቅጂ በቀበሌ፣ ሌላው በወረዳ ይቀመጥ። የተነገረ ይረሳል፤ የተጻፈ ይኖራል። ፊደል መቁጠራችን የሚጠቅመን እዚህ ላይ ነው። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ብቻ አንስማ፤ እኛም ራሳችን እናንብበው።

ሦስተኛ፣ ኃላፊ መሰየም። ከወጣቶች፣ ከሴቶችና ከሽማግሌዎች የተውጣጣ ትንሽ ኮሚቴ ይመረጥ። ቁልፍ ያዡ በስም ይታወቅ። የሚከፈትበት ቀንና ሰዓት በበሩ ላይ ይለጠፍ።

አራተኛ፣ መቁጠር። ከውድድር፣ ከባህል ዝግጅት ወይም ከአዳራሽ ኪራይ የሚገኝ ሳንቲም በደረሰኝ ይግባ፤ በደረሰኝ ይውጣ። በየሦስት ወሩም ሂሳቡ ለሕዝብ ይነበብ። የጋራ ሥራ በብዛት የሚፈርሰው በድህነት ሳይሆን በጥርጣሬ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ወረዳውን ገንዘብ መጠየቅ የሚገባው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምርና ሰኔ 30 ቀን ያልቃል። በጀቱ ከተደለደለ በኋላ ማመልከቻ ይዞ መሄድ ገበያ ከተፈታ በኋላ እህል ጭኖ እንደ መሄድ ነው። ጥያቄያችን በበጋው ተዘጋጅቶ የሚመጣው ዓመት ዕቅድ ሲነደፍ ይቅረብ። «ሜዳው ተለክቷል፤ ድንጋዩን አጓጉዘናል፤ የጎደለን መረብና ቆርቆሮ ነው» ብሎ የሚቀርብ ሕዝብ «ሥሩልን» ብሎ ከሚቀርብ ሕዝብ ይልቅ ይሰማል።

ምን ያህል ቦታ ይበቃል?

100 ሜትር ርዝመትና 64 ሜትር ወርድ ያለው የእግር ኳስ ሜዳ 6,400 ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሄክታር 10,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሜዳው ሄክታር አይሞላም። ጥማድ የሩብ ሄክታር ያህል በሚቆጠርበት አገር ከሁለት ጥማድ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። ለመላው ቀበሌ ይህ ብዙ አይደለም።

ይህም ካልተገኘ የመረብ ኳስ አለ። ሜዳው 18 ሜትር በ9 ሜትር ነው፤ 162 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ዙሪያውን መፈናፈኛ ቢጨመርበትም ከትንሽ ጓሮ አይበልጥም። መረቡ ለወንዶች 2 ሜትር ከ43 ሳንቲ ሜትር፣ ለሴቶች 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል።

የእግር ኳስ ግብ በቋሚዎቹ መካከል 7 ሜትር ከ32 ሳንቲ ሜትር ይሰፋል፤ ከመሬት እስከ አግዳሚው 2 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ይበቃል። ድንጋይ መልቀምና ጉድጓድ መድፈን በደቦ ያልቃል። ጎርፍ እንዳይገባ ከላይ በኩል ቦይ ይቀደድ። ዙሪያውን የአገር ዛፍ ቢተከል ጥላ ይሆናል፤ ድንበርም ይሆናል። ዛፍን እንደ ትልም በሌሊት መግፋት አይቻልም!

ሴቶቻችን የት ይዋሉ?

«ሜዳ አለን» ስንል የወንድ ልጆች ሜዳ ብቻ እንዳይሆን እንጠንቀቅ። ሴት ልጅ ውሃ ትቀዳለች፤ እንጨት ትለቅማለች፤ ትፈጫለች። ወንድሟ ኳስ ሲጫወት እሷ ማድቤት ናት። ከዚያ በኋላ «ሴቶች አይመጡም» እንላለን። መቼ ይምጡ?

ስለዚህ ኮሚቴው ሴቶቹን ራሳቸውን ይጠይቅ፤ የትኛው ቀንና ሰዓት ይመቻቸዋል? ንባብ ቤቱ ከምንጩ ወይም ከወፍጮው መንገድ ዳር ቢሆን ይሻላል። ወፍጮ ተራ የምትጠብቅ እናት አንድ ገጽ ታነባለች። ሕፃን ይዛ ብትመጣ የሚቀመጥበት ሰሌን ይኑር። አዳራሹም የሚያሾፍባቸው ሰው ሳይኖር ሴቶች ከበሮ የሚመቱበት ቀን ይኑረው።

ንባብ ቤት ትንሽ ይሁን እንጂ ይከፈት

በዚህ ነገር ላይ እኛ አዲስ አንባቢዎች የምናውቀው አለን። ፊደል እንደ ማሳ ነው፤ ካልታረሰ ዳዋ ይውጠዋል። ተምሮ የረሳ ሰው ካልተማረው ይልቅ ያፍራል። ስለዚህ ንባብ ቤት ለእኛ ጌጥ አይደለም።

ትልቅ ቤት መጠበቅ አያስፈልግም። የጭቃ መደብ፣ ብርሃን የሚያስገባ መስኮት፣ ምስጥ የማይበላው መደርደሪያ፣ የማያፈስ ጣሪያ ይበቃል። መጻሕፍቱ በመዝገብ ይቆጠሩ፤ የተዋሰ ሰው ይፈርም። ማንበብ የሚችል ወጣት ለማይችሉት ጮክ ብሎ የሚያነብበት ምሽት ይኑር። ሽማግሌዎች ደግሞ ተረቱን፣ የዘር ሐረጉንና የአገሩን ታሪክ ይንገሩ፤ ወጣቶቹ ይጻፉት። እንዲህ ከሆነ ንባብ ቤቱ መጽሐፍ የሚነበብበት ብቻ ሳይሆን መጽሐፍ የሚወለድበትም ይሆናል።

ግን ሁሉም ነገር አንድ ጥያቄ ላይ ያርፋል። ይከፈታል ወይ? 500 መጻሕፍት ኖረውት ከሚዘጋ ቤት 20 መጻሕፍት ኖረውት በየሳምንቱ ሁለት ቀን የሚከፈት ቤት ይሻላል።

ማጠቃለያ

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ሜዳ ማስከበር ለአንድ ሊቀመንበር ከባድ ነው። ጎረቤቱን ያስቀይማል፤ ዘመዱንም ይነካል። ሁላችንም በስብሰባ ተነሥተን «ይለካ» ካልን ግን ቂሙ በማንም ላይ አያርፍም።

እንግዲህ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ሌላው ጉዳይ ሁሉ ካለቀ በኋላ አንዳችን እጃችንን እናውጣ። «ሜዳው ስንት ሜትር ነው? የንባብ ቤቱ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልስ ካለ እሰየው። መልስ ከሌለ በቃለ ጉባኤው ይጻፍልን።

አንድ ትልም ጨምሮ የሚያርሰው ሰው ጠላታችን አይደለም፤ ልጁም እዚያው ሜዳ ላይ ይጫወታል። ድንጋዩን ስንተክል እሱም አብሮን ይትከል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በመንደራችሁ የወል መዋያ የሆኑ ቦታዎች የትኞቹ ናቸው? ከአሥር ዓመት በፊት ምን ያህል ነበሩ?
2. ሜዳችሁን በገመድ ለክታችሁ ርዝመቱንና ወርዱን ጻፉ። ስፋቱ ስንት ካሬ ሜትር ሆነ?
3. በቀበሌያችሁ ተሠርቶ የተዘጋ ቤት አለ? እንዲከፈት ምን ጎደለው? ገንዘብ ነው ወይስ ኃላፊ?
4. ሴቶች ለዕረፍትና ለንባብ የሚመቻቸው ሰዓት የትኛው ነው? መልሱን ከሴቶቹ ጠይቃችሁ ጻፉ።